እሳትና መብረቅ ብቻ

ከላዬ የምትኖረው ሴትዮ ቤቴን በውሃ አበላሸችው። በየዓመቱ የምከፍለው ኢንሹራንስ ደግሞ «ይህ እኔን አይመለከተኝም» አለኝ። በደሉ ይኸው ነው።

ቤቴ ቂርቆስ ነው፤ ኮንዶሚኒየም፣ ሁለተኛ ፎቅ። እሷ ሦስተኛ ላይ ናት፤ ልክ ከጭንቅላቴ በላይ። ድሮ «እትዬ» ነበር የምላት። በዕድሜ ትበልጠኛለች። ከመሥሪያ ቤት በታይፒስትነት ጡረታ የወጣች፣ ባሏ የሞተባት፣ ደረጃ ስትወጣ እንኳ አንገቷን የማትደፋ ሴት ናት። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን በሆዴ ሴትዮዋ ሆነች። እዚህም እንደዚያው እጽፋታለሁ። ፊት ለፊት «እርስዎ» እያልኩ በሆዴ «እሷ» ስል እንደነበር ለምን እደብቃለሁ?

እኔ ጎሚስታ ነኝ። ላንቻ፣ መንገድ ዳር፣ ጎማ ስለጥፍ ነው ዕድሜዬ ያለቀው። ፊደል የቆጠርኩት ራሴ ላይ ሽበት ከወጣ በኋላ፣ በማታ ትምህርት፣ ልጄን ከሚያካክሉ ልጆች ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጬ ነው። ስለዚህ ሰው «አንብብና ፈርም» ሲለኝ ደስ ይለኛል። «እዚህ ጋ ፈርም» ብቻ ሲለኝ ደሜ ይፈላል። ለቤቱ ብድር ስወስድ የባንኩ ልጅ ያለኝ ይህንኑ ነው። «እዚህ ጋ፣ እዚህ ጋ፣ እዚህም ጋ። ቤቱ ኢንሹራንስ አለው፤ በቃ፣ አያስቡ።» ወረቀቱ እንግሊዝኛ ነበር። አማርኛውን ስንት ዓመት ለፍቼ ስይዘው በእንግሊዝኛ መጡብኝ። ወረቀቱ ባንክ ቀረ፤ እኔ ይዤ የወጣሁት «ቤቱ ኢንሹራንስ አለው» የምትለዋን ቃል ብቻ ነው።

ደግሞ ኢንሹራንስን የማውቀው በመኪና ነው። እኔ ጋ ጎማ የሚያስለጥፍ ሹፌር ሁሉ ወይ «ሙሉ» አለው ወይ «ሦስተኛ ወገን»። ሙሉ ያለው ተጋጭቶ እየሳቀ ይመጣል፤ ሦስተኛ ወገን ያለው እየረገመ። እኔም የቤቴ ሙሉ ነው ብዬ ተኛሁ። ባንክ ገንዘቡን ያበደረበትን ቤት ግማሹን ብቻ ያስገባል ብዬ እንዴት ልጠርጥር?

ወደ ውሃው ልምጣ። እኛ ብሎክ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ፈረቃውን ግን ከውሃው በቀር የሚያውቅ የለም። ሰው ሁሉ የየራሱ ዘዴ አለው። አንዱ ለጥበቃው ስልክ ይደውላል፤ አንዱ ጆሮውን ቧንቧ ላይ ይለጥፋል። የሴትዮዋ ዘዴ ሳፋ ነበር። ውሃ ሲጠፋ የወጥ ቤቷን ቧንቧ እስከ መጨረሻው ትከፍትና የዕቃ ማጠቢያው ውስጥ የብረት ሳፋ ትደፋለች። ውሃው ሲመጣ የሳፋው ጀርባ ላይ ይወርድና ከላይ እስከ ታች የማይሰማው ሰው የለም። «የእትዬ ሳፋ ጮኸ!» ይባላል። ጄሪካን ሲጋጭ፣ በርሜል ሲጎተት፣ ሰው በነጠላ ጫማ ሲሮጥ ትሰማለህ። ሴትዮዋም ወዲያው ሳፋውን ታነሣና ባልዲዋን ትደቅናለች። ለስንት ዓመት እንዲህ ኖርን። በዚያ ሳፋ ጩኸት እኔም ቀድቻለሁ፤ አልክድም።

ኅዳር ውስጥ አንድ ቀን የዕድራችን አባል ሞተ። የቀብሩ ሰዓት ተቀደመ ተባለና ሰው ሁሉ በጥድፊያ ወጣ። ዕድሩ የተከራየው ሚኒባስ ታች ሆኖ ክላክሱን ይነፋል። ባለቤቴና ሴትዮዋ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሄዱ። ልጄ ሥራ ላይ፣ እኔ ጎማዬ ላይ። ረፋዱ ላይ ውሃው መጣ። ሳፋው ጮኸ። ብሎኩ በሙሉ ቀዳ። ሳፋው መጮሁን አላቆመም፤ እነሱም መቅዳታቸውን አላቆሙም። በርሜል ሞላ፣ ድስት ሞላ፣ መጋረጃ የታጠበበት ቤትም አለ። «ዛሬስ ባርኮናል» ያለችም ነበረች አሉ። ሳፋው የማጠቢያውን ቀዳዳ ደፍኖት ውሃው ወለሉ ላይ ሲንጣለል፣ ከወለሉም በስንጥቁ ወደ እኔ ሲወርድ፣ «ሳፋው ዛሬ ለምን አልተነሣም?» ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም።

ከሥራ ተመልሼ በሩን ስከፍት ኮርኒሱ ሳሎን መሐል ወርዶ ተቀምጧል። በራሴ ወጪ ያሠራሁት የጂብሰም ኮርኒስ። ቡፌው አብጧል፤ ቴሌቪዥኑ በፊቱ ተደፍቷል፤ ፍራሹና ምንጣፉ ውሃ ጠጥተው እንደ ሬሳ ከብደዋል። አዲሱ ሶፋ ብቻ ፕላስቲኩ ስላልተገፈፈ ተርፏል፤ እሱም ኩሬ ታቅፎ። ሶፋው የተገዛው ለልጄ ሽማግሌዎች ነበር። ከጥምቀት በኋላ መጥተው ሊጠይቋት ቀን ተቆርጧል። ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት። ቀና ብዬ ቀዳዳውን ሳይ መጀመሪያ የመጣብኝ ወጪው አይደለም፤ እነዚያ ሽማግሌዎች እዚህ ቆመው ወደ ላይ ሲያዩ ነው።

ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ወጣሁ። ሴትዮዋ የለቅሶ ልብሷን እንኳ አላወለቀችም፤ ወለሏን በጨርቅ እየመጠጠች ነው።

«እትዬ፣ ቧንቧ ከፍተው ነው የሄዱት።»

«እኔ? እኔ ዘግቼ ነው የወጣሁት።»

«ሳፋው ሲጮህ ነው የዋለው። ብሎኩ ሁሉ ሰምቷል።»

«እንግዲህ ብሎኩ የሰማውን ብሎኩን ጠይቅ። መሥመሩ ፈንድቶ ይሆናል። የዚህ ኮንዶሚኒየም ምኑ ይታመናል?»

«እትዬ፣ ሳፋው እኮ አሁንም እንደተደፋ ነው። ያውልዎት!»

«አንተ! ከለቅሶ ነው የመጣሁት። ሰው ቤት ቆመህ አትጩህብኝ።»

በሩ ተዘጋ። እስከዚያ ድረስ አልጮህኩም ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ጮህኩ።

በማግስቱ ካዛንቺስ ሄድኩ፤ የኢንሹራንሱ ቢሮ ያለው እዚያ ነው። በእግሬ ነው የሄድኩት፤ ታክሲ ውስጥ ጉልበቴን አጥፌ መቀመጥ አልቻልኩም። የማውቀው ካዛንቺስ ፈርሶ መንገዱ ሰፍቷል። ድሮ ሻይ የምጠጣበትን ጥግ ፈልጌ ሣርና የመንገድ መብራት አገኘሁ። ያን ሰሞን መሬቱ ነቅነቅ እያለ ፎቅ ላይ የሚኖረውን ሁሉ አስደንግጦት ስለነበር ቢሮው በሰው ተሞልቷል። ተራዬ ሲደርስ አንዲት ወጣት ሠራተኛ ፋይሌን ኮምፒውተሯ ላይ ፈልጋ አገኘችው።

«ጋሼ፣ የእርስዎ እሳትና መብረቅ ነው።»

«እሱ ይሁን። ውሃውስ?»

«እሳትና መብረቅ ብቻ ነው። ውሃ የለበትም።»

«ሙሉ አይደለም እንዴ?»

«ሙሉ… ማለቴ፣ ያ የመኪና ነው፣ ጋሼ። ቤት ላይ ዋናው እሳትና መብረቅ ነው። ሌላው ተጨማሪ ተከፍሎበት ነው የሚገባው። ጎርፍ፣ አውሎ ነፋስ፣ የቧንቧ መፈንዳት፣ የውሃ መፍሰስ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ…»

ከኋላዬ የተቀመጡ ሽማግሌ ብድግ አሉ። «የመሬት መንቀጥቀጡም ለብቻው ነው?»

«ለብቻው ነው፣ አባቴ። ተራዎን ይጠብቁ።»

«ተራዬን ስጠብቅ ቤቱ ቢወድቅስ?»

ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

«እሺ፣ ውስጥ ያለው ዕቃስ? ቴሌቪዥኑ፣ ፍራሹ?»

«እሱ ሌላ ነው። ባንኩ ያስገባው ቤቱን ነው፤ ግድግዳውን፣ ወለሉን። መያዣው እሱ ስለሆነ። ዕቃዎ በእሳት ቢቃጠል እንኳ በዚህ አይከፈልዎትም። ሌባ ቢገባም ለብቻው የሚገዛ አለ።»

«ኮርኒሱስ? ኮርኒስ የቤት አካል አይደለም?»

«በኋላ ያሠሩት ከሆነ ግምቱ ውስጥ የለም። ቤቱ ሲገመት ባዶውን ነበር።»

«ውሃውን ጨምሬ ገዝቼ ቢሆን ኖሮስ?»

«ያኔ ግድግዳውንና ቀለሙን እናይልዎት ነበር። እሱም ድንገት የመጣ ውሃ ሲሆን ነው። ቀስ እያለ የሚንጠባጠብ፣ በእርጅና የበሰበሰ ቧንቧ፣ እነዚህ ተጨማሪውን ቢገዙም የሉበትም።»

«ታዲያ ይሄ ሦስተኛ ወገን ነው በይኛ!»

ሳቋን ዋጠች። እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና «ጋሼ፣ ዕድር አለዎት?» አለችኝ።

«አለኝ። ምክትል ሰብሳቢ ነኝ።»

«የባለቤትዎ አጎት ቢሞቱ ዕድሩ ይከፍላል?»

«አጎት? አይከፍልም። አባት፣ እናት፣ ባል፣ ሚስት፣ ልጅ፣ ወንድም፣ እህት። አጎት የለበትም።»

«ግን ሞት አይደለም?»

«ሞትማ ሞት ነው! ደንቡ ላይ የለማ። ወር በወር የምናዋጣው ለእነዚያ ነው…»

አፌን ዘጋሁ። ልጅቷ ጨዋ ናት፣ «ይኸው» አላለችም። ብትለኝ ኖሮ ጠረጴዛዋን መትቼ እወጣ ነበር። ሳይገባኝ መናደድ ይሻለኝ ነበር፤ ሲገባኝ የምናደድበት ሰው አጣሁ።

«አንድ መንገድ አለ» አለች እስክሪብቶዋን መልሳ አንሥታ። «ውሃው በጎረቤትዎ ጥፋት ከሆነ የመጣው፣ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። በሌላ ሰው ላይ ላደረሱት ጉዳት የሚከፍል ኢንሹራንስ ካላቸው የእሳቸው ይከፍላል።»

«የላትም።»

«እንግዲያው ጥፋቱ የእኔ ነው ብለው በጽሑፍ ከሰጡዎት በስምምነት ይጨርሳሉ። አለበለዚያ ፍርድ ቤት ነው።»

የምናደድበት ሰው ተመለሰልኝ። ከቢሮው በሩጫ ነው የወጣሁት። መንገዱን ሁሉ ያየሁትን እየለየሁ ሄድኩ። የተንጠለጠለ የመብራት ሽቦ፤ እሳት ነው፣ ኢንሹራንሱ ይሸፍናል። ክፍት የጎርፍ ቦይ፤ አይሸፍንም። የተሰነጠቀ ግንብ፤ እርጅና ነው፣ አይሸፍንም። ዓለም ሁሉ ለሁለት ተከፈለብኝና የማይሸፍነው ወገን በዛ።

ሴትዮዋ አልፈረመችም። የወንድሟ ልጅ በስልክ «አክስቴ፣ ምንም ነገር እንዳትፈርሚ፤ ቤትሽን ነው የሚወስዱብሽ» ብሏታል። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፤ በሯን ገርበብ አድርጋ።

«ያለኝ ይህ ቤት ብቻ ነው» አለች።

«እኔስ ስንት ቤት ያለኝ ይመስልዎታል?»

ዘጋችው።

ከዚያ ወዲያ መቀመጥ ጠፋ። ሱቅ ሄጄ የሰው ጎማ ፈትቼ እተዋለሁ። ቤት ገብቼ ከሳሎን ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ወደ ደረጃ። ደረጃ ላይ ስንገናኝ እሷ ግድግዳውን ታያለች፣ እኔ ጫማዬን። ግድግዳችን ሻገተ። ሽታው ልብሳችን ውስጥ ገብቶ ታክሲ ውስጥ ሰው ዞር እያለ ያየኝ ጀመር። ምስክር እንዲሆኑኝ ጎረቤቶቼን አንድ በአንድ አንኳኳሁ።

«ሳፋውን ሰምታችኋል አይደል?»

«እንዴታ! ሰምተናል።»

«ከረፋድ እስከ ከሰዓት?»

«አዎ፣ ጋሼ። እንደዚያ ቀን ቀድተን አናውቅም።»

«ታዲያ አንድ ሰው ወጥቶ በራቸውን አያንኳኳም?»

«ውሃ ሲመጣ ይቀዳል እንጂ፣ ለምን መጣህ ተብሎ ይጠየቃል?» አለችኝ አንዷ፣ በርሜሏን እየከደነች።

ሰምታችኋል ስል ሁሉም ሰምቷል፤ መስክሩ ስል ሁሉም ሥራ ይበዛበታል። ይባስ ብሎ ሴትዮዋ ሳፋዋን ከዚያ ቀን ጀምሮ አነሣች። ውሃ መጥቶ ሲሄድ የሚያውቅ ጠፋ። ሰው ባዶ ጄሪካን ይዞ ደረጃ ላይ ቁሞ የሚያየው እኔን ሆነ። «በእሳቸው ንዝንዝ ነው ውሃ የሚያመልጠን» ሲባል በጆሮዬ ሰማሁ። ቤቴ ፈረሰ፤ ጥፋተኛውም እኔ።

ገና አለፈ። ጂብሰም ሠሪ አምጥቼ ባሳየው ቀና ብሎ አይቶ፣ «እርጥበቱ ሳይለቅ አልነካውም፤ ተመልሶ ይወርዳል» አለኝና ሄደ። ሽማግሌዎቹ ሊመጡ ቀርበዋል። የቀረኝ ቀዳዳውን መሸፈን ነው፤ የዕድሩ መጋዘን ቁልፍ ደግሞ እኔ ጋ ነው ያለው።

«ሸራውን ከላይ እንወጥረውና መብራት እናደርግበታለን» አልኩ።

«የቱን ሸራ?» አለች ባለቤቴ።

«የዕድሩን።»

«የለቅሶውን ድንኳን? ልጄን የለቅሶ ድንኳን ሥር ልታስጠይቃት?»

«ሸራ ሸራ ነው።»

«አንተ ሰውዬ፣ ውሃው ጭንቅላትህ ውስጥ ገብቷል!»

ልጄ ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ አለቀሰች። ሳምንታት ሙሉ ስለ ኮርኒሱ ስንጨቃጨቅ አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም።

በማግስቱ ባለቤቴ ሳትነግረኝ ሦስተኛ ፎቅ ወጣች። ምን እንደተባባሉ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። ወርዳ «ሽማግሌዎቹን እላይ ነው የምንቀበላቸው» አለች።

«የት እላይ?»

«እላይ ነዋ። እትዬ ሳሎናቸውን ሰጥተውናል።»

«እዚያ ቤት? ሞቼ ነው ቆሜ!»

«ሙትና ተገላገል። ዕድሩ ይከፍላል።»

እሑድ ጠዋት ሶፋውን ለአራት ተሸክመን በጠባቡ ደረጃ አወጣነው። ፕላስቲኩ ተገፈፈ። የሴትዮዋ ሳሎን ጸድቷል፤ መጋረጃው ታጥቧል። ኮርኒሷ ነጭ ነው፣ ደረቅ። ላለማየት ብታገልም ዓይኔ እየሄደ እዚያው ነው የሚያርፈው። የወጥ ቤቱ በር ክፍት ነበር። ቧንቧው ተዘግቶ፣ መክፈቻው በጨርቅ ተጠፍሯል። እንደታሰረ ውሻ።

ሽማግሌዎቹ መጡ። እንደ ወጉ ተቀመጡ ሲባሉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። ሴትዮዋም ግድግዳው አጠገብ ቆማለች። ትልቁ ሽማግሌ የልጁን ወላጆች፣ ሥራውን፣ ጠባዩን ተናገሩና «ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን» አሉ። እንደ ወጉ «እንመካከርበት፣ ሌላ ቀን ተመለሱ» ብዬ ላንገራግር ነበር አሳቤ። ግን በሰው ሳሎን ምን ብዬ ነው የማንገራግረው? ሌላ ቀንስ የማን ቤት ላስቀምጣቸው?

«ይቀመጡ» አልኩ። ተቀመጡ። እልል ተባለ።

ሴትዮዋ አልተቀመጠችም።

«እትዬ፣ አረፍ ይበሉ እንጂ» አለች ባለቤቴ።

«የእኔ ጉዳይ አልተሰማም።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞረች። አንገቷን እንደ ልማዷ አላቀናችም።

«ቧንቧውን ከፍቼ የሄድኩት እኔ ነኝ። ሚኒባሱ ክላክስ ይነፋብኝ ነበር። ደረጃው መሐል ስደርስ ትዝ ብሎኝ ነበር፤ ዛሬ አይመጣም ብዬ ተውኩት። የዋሸሁህ ቤቴን ፈርቼ ነው። ይኸው እነዚህ ሰዎች ሰምተዋል። ወረቀትህንም አምጣ፣ እፈርማለሁ።»

ለዚህች ቀን በልቤ ስንት ነገር ደርድሬ ነበር። ስለ ኮርኒሱ፣ ስለ ሻጋታው፣ ስለተዘጋብኝ በር። ትልቁ ሽማግሌ ነገሩ ባይገባቸውም የለመዱትን አልተዉም። «እንግዲህ፣ ቆመው ነው ያሉት» አሉኝ።

አየሁ። እትዬ በአንድ እጃቸው ግድግዳውን ይዘው ቆመዋል። ልቤ ሙሉ በሙሉ ተፈታ ብዬ አልዋሽም። ነገር ግን ጥፋቱን አምኖ የቆመ ሰው እንደቆመ አይመለስም። ይህን ደንብ እንኳ ማንም እንዲያነብልኝ አያስፈልገኝም።

«ይቀመጡ፣ እትዬ» አልኩ።

ተቀመጡ፤ እኔ በገዛሁት ሶፋ ላይ።

ወረቀቱን አላመጣሁም። ኮርኒሱን በኋላ የወንድማቸው ልጅ፣ ያው የስልኩ ሰውዬ፣ ጂብሰም ሠሪውን ይዞ መጥቶ አሠራው። የፍራሹና የቴሌቪዥኑ ኪሳራ የእኔው ነው። ካዛንቺስ ተመልሼ ውሃውንም፣ ዕቃውንም፣ የመሬት መንቀጥቀጡንም አስጨመርኩ። ልጅቷ እያንዳንዱን መስመር በአማርኛ እየነገረችኝ፣ የሚሸፍነውንም የማይሸፍነውንም በራሴ እጅ ጻፍኩት። ሳፋው ተመልሶ ቧንቧው ሥር ተደፍቷል፤ የእትዬ ቤት ትርፍ ቁልፍ ግን አሁን እኛ ጋ ነው። ይህ ሁሉ ቆይቶ የሆነ ነው። ነገሩ ያለቀው እትዬ የተቀመጡ ዕለት ነው፤ እሑድ፣ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.።